የዘሀራ ቅባትና የእኔ ቅንድብ

ያኔ ፊቴ ላይ ብጉር ያልወጣበት ቦታ ቢኖር ዓይኔ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ተራው ስላልደረሰ ነው እንጂ አዝኖልኝ የተወው አይመስለኝም። ግንባሬ የራሱን ይዟል፣ ሁለቱ ጉንጮቼ እኩል ተካፍለዋል፣ አገጬ ላይ ደግሞ የሁሉም አለቃ የሆነ አንድ ትልቅ ቀይ ብጉር ነበር። ሰው ቤት ስሄድ እኔ ሳልገባ እሱ ቀድሞኝ ይገባል።

ብጉሩንስ እንደምንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የዘሀራን ፊት ነው። ዘሀራ የአጎቴ ልጅ ናት። ግቢያችን አንድ፣ የተወለድንበት ዓመት አንድ፣ የተማርንበት ክፍል አንድ፤ አንድ ያልሆነው ፊታችን ብቻ። የሷ ፊት ታጥቦ የተወለወለ ብርጭቆ ነበር፤ ዝንብ ቢያርፍበት ያዳልጠዋል። መካነ ሰላም ገበያ አብረን ስንወጣ ሰው ሁሉ እሷን አይቶ "ማሻ አላህ" ይላል። ቀጥሎ ወደ እኔ ይዞርና "አንቺንስ ምን ነካሽ የኔ ልጅ?" ይለኛል። ምን እንደነካኝ ባውቅ ኖሮ መልሼ እነካው ነበር።

ቀናሁ። ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም፤ ቀናሁ። ስትስቅ ቀናሁ፣ ስታዛጋ ቀናሁ፣ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ሲቀላ እንኳ "መቅላቱም ያምርባታል" ብዬ ቀናሁ። እናቴ ብጉር የሚመጣው ከቅቤ ነው የሚል ወሬ ከሆነ ቦታ ሰምታ ቅቤ ስትከለክለኝ፣ ዘሀራ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የገንፎውን መሐል በቅቤ እየሞላች ትበላ ነበር። ቅቤውን የምትበላው እሷ፣ የሚፈላው የእኔ ፊት። ለማን አቤት ይባላል?

የቅናቴ ሥር ግን ቅቤ አልነበረም፤ ሰይድ ነበር። ሰይድ የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ከኋላችን ይቀመጥ ነበር። ጠዋት ዘሀራን ሲያይ በወግ በማዕረግ "እንዴት አደርሽ ዘሀራ?" ይላታል። ወደ እኔ ሲዞር ዓይኔን አያይም፤ አገጬን አይቶ "አለቃ፣ እንዴት አደሩ?" ይላል። ሰላም የሚለው ብጉሬን ነው፤ ያውም በአንቱታ። እኔ እዚያው ቆሜ የሁለት ወዳጆችን ሰላምታ እንደሚያስተላልፍ ሰው አያለሁ።

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ የአገሩ ልጅ ሁሉ ባሕር ሲሻገር ሰይድም ወደ ጂዳ ተነሣ። ወደ ደሴ በሚወስደው የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሲሰናበተን፣ ዘሀራን "አላህ ያቆይሽ" አላት። እኔን ደግሞ "አለቃን ደህና አድርገሽ ያዥልኝ" አለኝ። መኪናው ላይ የተሳፈረ ሁሉ ሳቀ፤ ረዳቱ ሳይቀር።

ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁለት ንግግሮች እያላመጥኩ ኖርኩ። "አላህ ያቆይሽ" ማለት ምን ማለት ነው? ለማን ያቆያት? ሰው የማይፈልገውን ዕቃ "ይቆይልኝ" ይላል? በግልጽ አስቀምጦልኝ ሄዷል እኮ። ዘሀራን ለራሱ አስቆየ፣ እኔን የብጉር ዘበኛ አድርጎ ቀጠረ።

ስለዚህ ዘበኝነቱን ልለቅ ወሰንኩ። መካነ ሰላም ውስጥ የሚበላው ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የብጉር መድኃኒት የማያውቅ ግን አልነበረም። አንዷ "የጥርስ ሳሙና ቀቢው" አለችኝ፤ ቀባሁት። ፊቴ ተቃጠለ፣ ብጉሩ ግን እስትንፋሱ ጥሩ የሚሸት ሆነ እንጂ አልጠፋም። ሌላዋ "ሎሚ" አለች። ሎሚውን ስቀባ ያወጣሁትን ድምፅ ሰምቶ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። አንዲት የመሪጌታ ሚስት የሆኑ ጎረቤታችን ደግሞ እጄን ይዘው "አይዞሽ፣ ሲያገቡ ይለቃል" አሉኝ። ይህኛው ከሁሉ ባሰብኝ። መድኃኒቱ ባል፣ የባሉ መከልከያ ብጉር፤ ታዲያ በየት በኩል ይገባል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔ ያልሞትኩት ዶሮ ስላልሆንኩ ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያም ሄጄ ነበር። ነርሷ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችኝና "በቀን ሁለቴ በውሃና በሳሙና ታጠቢ። አትነካኪው፣ አታፍርጪው። ጊዜውን ጠብቆ ይሄዳል" አለችኝ።

"መድኃኒቱስ?" አልኳት።

"እሱ ነው መድኃኒቱ።"

መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፣ የሚያቃጥል ነገር የለ። ዘሀራ ታየችኝ፤ ሳትታገሥ ያማረች። ተናድጄ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የተረቱት እኔን ቀድመው አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እንቁላል የገባሁት እንዲህ ነው። ነጩን ፊትሽ ላይ ቀቢና እስኪደርቅ ጠብቂ ተብዬ ቀባሁ። ሊደርቅ ሲል ፊት የሚባለው ነገር የሰው መሆኑ ይቀራል፤ ከንፈር አይንቀሳቀስ፣ ጉንጭ አይታጠፍ። ልክ በዚያ ሰዓት እትዬ ሐዋ ገቡ።

"ሰላም አለይኩም! ደስታ ይዤ መጣሁ ልጄ" አሉኝ፤ እናቴ ውጭ ነበረች። "ልጄን ከድጃን ልድራት ነው። አንቺና ዘሀራ ከሙሽራዋ ጎን ናችሁ።"

እንኳን ደስ አለዎ ልል ነበር። የወጣልኝ "ህም" ብቻ ነው።

"ሰይድ ሊመጣ አልቻለም። ቪድዮ አንሺ ከደሴ አምጡ፣ ካሴቱን ላኩልኝ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልየው ብሏል። 'እማ፣ የኔም ነገር ካሴቱን ካየሁ በኋላ ነው' አለኝ።"

ልቤ ዘለለ። ፊቴ ግን እንደ ግድግዳ ቆሟል። እትዬ ሐዋ ትንሽ ጠበቁኝ፣ ቅር ብሏቸው ወጡ፣ ማታውኑ ሰፈሩን አዳረሱት። "ያቺ ልጅ ኮርታለች። ሰርግ ብዬ ብነግራት ጥርሷን እንኳ አላሳየችኝም" አሉ።

የካሴቱን ነገር ላላየ ሰው ማስረዳት ይገባል። በዚያ ዘመን ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ሚስት የሚመርጡት ከሰርግ ካሴት ነበር። ወንዱ ጂዳ ተቀምጦ የእህቱን ሰርግ ያያል፤ ሙሽሮቹን ያልፋቸዋል፤ ሰሃን የምታመላልሰው ልጅ ጋ ሲደርስ ያስቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ያያል። ከዚያ "የማን ልጅ ናት?" የሚል መልእክት ይመጣል። በዚህ መንገድ የተዳሩ ሁለት ሴቶች በሰፈራችን ነበሩ፤ አንዷ እንዲያውም ፊቷ ሳይሆን ሰሃን አያያዟ ነው የተወደደላት ይባላል። አሁን ሰይድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ዘሀራንና እኔን ጎን ለጎን ሲያየን አሰብኩ። ብርጭቆና ወንፊት።

ሰርጉ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ሻሽ ልዋስ ዘሀራ ክፍል ዘው ብዬ ገባሁ። ዘሀራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ትንሽ መስታወት ይዛ ተቀምጣለች። ስታየኝ ደንግጣ የሆነ ነገር ሳጥኗ ውስጥ ከልብሱ ሥር ቀበረች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ምንም።"

ምንም የሚባል ነገር እንዲህ ተሸፍኖ አይቀበርም። ታላቅ እህቷ ጂዳ ናት፤ ዕቃ ትልክላታለች። ደረስኩበት። የዚያ ሁሉ ማሻ አላህ ምንጭ ይኼው ነው ለካ፤ እኔ ሎሚ ስቀባ፣ ውሻ ሲጮህብኝ፣ እሷ የጂዳ ቅባት ደብቃ ኖራለች። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ደም። ቅናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ትንሽ ያሳፍረኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ፍትሕ መሰለኝ።

በማግስቱ ዘሀራ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሳጥኑን ከፈትኩና ቅባቱን ተዋስኩ። ሰረቅሁ የሚል ሰው ካለ ዘመድ የለውም ማለት ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ዐረብኛ ነው። እኔ ዐረብኛ አላውቅም፤ ግን የሚያውቅ አውቃለሁ ብዬ በቀጥታ የሰፈራችን ልጆች ቁርኣን ወደሚቀሩበት፣ ወደ ሸሁ ቤት ሄድኩ።

በአገራችን ዐረብኛ የተጻፈበት ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ አይታለፍም። የአላህ ስም ይኖርበት ይሆናል ተብሎ ይነሣል፣ ይሳማል፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጎጣል፤ የከረሜላ ልጣጭም ቢሆን። የእናቴ ቤት ግድግዳ ግማሹ ጭቃ ግማሹ የጂዳ ከረሜላ ነበር። በዚያ ፊደል የተጻፈ ነገር ሰው ይጎዳል የሚል ሐሳብ በእኔ ጭንቅላት አልፎ አያውቅም።

"ሸሁ፣ ይችን ያነቡልኝ ብዬ ነው" አልኳቸው።

"ከየት መጣች?"

"ከጂዳ።"

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ቢስሚላህ አሉና ማንበብ ጀመሩ። ሸሁ ድምፅ ነበራቸው። ረዘም የሚለውን እያስረዘሙ፣ ጠበቅ የሚለውን እያጠበቁ ሲያወርዱት ልጆቹ ሰሌዳቸውን አስቀምጠው ጸጥ አሉ። ሲጨርሱ እኔ "አሚን" አልኩ፤ ልጆቹም ተከትለው "አሚን" አሉ።

"ደግ ነገር ነው ሸሁ?"

"እኔ ፊደሉን ነው ያነበብኩልሽ ልጄ" አሉኝ። "ይህ የሱቅ ዐረብኛ ነው፤ እንደ ኪታቡ አላውቀውም። የላከችውን ጠይቂ።"

ከዚህ በላይ ግልጽ ምክር የት ይገኛል? እኔ ግን ከተናገሩት ሁሉ የሰማሁት ዜማውን ብቻ ነበር። እንዲህ አምሮ የሚነበብ ነገር ብጉር ያጠፋል እንጂ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል ብዬ እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅባቱ ይሸታል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል። መድኃኒት ካልሸተተ ይሠራል እንዴ ብዬ ቀባሁት። ዘሀራ በጣቷ ጫፍ ስትቆጥበው የኖረችውን እኔ በመዳፌ ዘረገፍኩት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን፤ ብጉር ቅንድብ ሥርም ይወጣልና ቅንድቤንም ጨመርኩ። አለቃን ሁለቴ ደረብኩለት። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ ተሲያቱ የአስር ሶላት ድረስ ተቀመጥኩ። ቆዳዬ በርበሬ እንደነሰነሱበት ሲለበልበኝ "እየነቀለው ነው" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እየነቀለስ ነበር።

ሳፋ ላይ አጎንብሼ ስታጠብ አንድ ጥቁር ነገር ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ትል መሰለኝ። ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ። የቀኝ ቅንድቤና የግራ ቅንድቤ ነበሩ።

እናቴ ድምፄን ሰምታ ከጓሮ ገባች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና "ማንን ፈለግሽ ልጄ?" አለችኝ።

አለቃስ? አለቃ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም አካባቢው ስለተመነጠረለት ከሩቅ የሚታይ ሆነ።

ዘሀራ ስትመጣ ባዶውን ዕቃ እጄ ላይ አየችው። ስለ ቅንድቤ አልጠየቀችም። መጀመሪያ ያለችው "ጨረስሽው?" ነው። ከዚያ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።

"የጸጉር ማንሻ እኮ ነው" አለች። "የከንፈሬን የማነሳበት።"

"የምን ከንፈር?"

"ጢም አለብኝ" አለችኝ። "ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ። ወላሂ ለእናቴም አልነገርኩ። አሁን ለሰርጉ ምን ልሆን ነው?"

አየኋት። ስታለቅስ ከንፈሯ ላይ ብርሃን አረፈ፤ እውነትም እዚያ አንድ ጀማሪ ጎረምሳ ነበር። እስቃለሁ ብዬ ሳስብ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ እያለቀሰች የተላጨ ግንባሬን አይታ ሳቀች። "እኔ ደግሞ በቅንድብሽ እቀና ነበር" አለች። "በእሱም በሰይድም።"

"በሰይድ ምን ያስቀናሻል? ሰይድ እኮ የሚሰድበው እኔን ነው።"

"ታዲያ እኔን አንድ ቀን ቀልዶብኝ ያውቃል?"

ይህን ሰምቼ አልሰማሁም። ቀናተኛ ሰው ጆሮ የለውም፤ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የእኔ ዓይን ደግሞ በዚያ ቀን የሚፈልገው ቅንድብ ነበር።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ዘሀራ በዓይን ኩል ቅንድብ ሳለችልኝ፤ የቀኙ ትንሽ ከፍ ስላለ የሆነ ነገር የገረመኝ እመስል ነበር። እኔ ሻሼን እስከ ሽፋሽፍቴ አውርጄ፣ እሷ የሷን እስከ አፍንጫዋ ከፍ አድርጋ፣ ከሙሽራዋ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ሁለታችንን ብትገጣጥሙ አንድ የተሟላ ፊት ይወጣን ነበር።

"እናንተ ልጆች" አለ ቪድዮ አንሺው ገና መቅረጽ ሳይጀምር፤ የጀነሬተሩ መብራት ዓይናችን ላይ ተደቅኗል። "ሻሹን ግለጡት እንጂ። አንዷን ራሷን፣ አንዷን ጥርሷን ነው የሚያማት?"

ድቤው ተመታ፣ ሰው ተጨናነቀ፣ መብራቱ ጋለ፣ ላቤ መጣ። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ይላሉ፤ የእኔ ኩል ከቅንድቤ ተነሥቶ በራሱ እግር ዓይኔ ውስጥ ገባ። እያለቀስኩ ከምግብ ማቅረቢያው ኋላ ተደበቅሁ። እዚያ ሆኜ ግን ማን ይታየኛል? ዘሀራ፤ ብቻዋን፣ ካሜራው ፊት። ሰይድ ሊያስቆማት፣ ወደ ኋላ ሊመልሳት፣ እንደገና ሊያያት።

በደሜ ያለው ቅናት ሁሉ ተነሣ። እኔ ካልታየሁ እሷም አትታይም። ካሜራው ወደ እሷ በዞረ ቁጥር "ዘሀራ፣ ሰሃን አጠረ" እያልኩ በሻሿ ጫፍ ጎተትኳት። ሲዞር "ዘሀራ፣ ውሃ"። ሲዞር "ዘሀራ፣ እናትሽ ትጠራሻለች"። የሚገርመው አንዴም አልተቃወመችኝም። ለካ እሷም ለጢሟ ሰበብ ስትፈልግ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ካሴት ላይ እኔ ያለሁት እጄ ብቻ ነው፤ አንድ እጅ ከጎን ብቅ ይልና አንዲት ልጅ ጎትቶ ይጠፋል።

ካሴቱ ከሚሄድ ሰው ጋር ተላከ። ከሁለት ወር በኋላ ሰይድ ድምፁን ቀርጾ የላከው የቴፕ ካሴት መጣና ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሐዋ ቤት ተሰብስቦ ሊሰማ ተቀመጠ። እኔና ዘሀራ በሩ ሥር ተጠጋግተናል። የዘሀራ ስም ሲጠራ ማየት አልችልም፤ ላለማየት ብቀር ደግሞ ሌሊቱን አልተኛም። ስለዚህ መጣሁ። ቅንድቤ በቅሏል፤ ግን ገና ገለባ ነው።

ሰይድ ሰላምታ ጀመረ። አክስቶቹን፣ አጎቶቹን፣ ሸሁን፣ የእናቱን ላም ሳይቀር ሰላም አለ። "ዘሀራን ሰላም በሉልኝ" አለ። ልቤ ወረደ። ከዚያ ቴፑ ሽሽሽ አለ።

"እማ" አለ። "ካሴቱን ሦስቴ አየሁት። አልሃምዱሊላህ፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው። አንድ ሰው ግን አጣሁ። ያቺ አገጯ ላይ አለቃ ያለባት ልጅ የት ሄደች? ወደ ኋላም መለስኩት፣ ወደ ፊትም አስኬድኩት፣ የለችም። አግብታ ከሆነ አትንገሪኝ። ካላገባች ግን ሽማግሌ ላኪልኝ።"

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሻሼን እስከ አፍንጫዬ አወረድኩት።

"ያቺ ኩሩዋ?" አሉ እትዬ ሐዋ።

"እንቁላል እኮ ነው እትዬ ሐዋ፣ እንቁላል ነበር" አለች እናቴ። ማንም ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም።

ዘሀራ ጎኔን ቆንጠጥ አደረገችኝ። ጆሮዬ ሥር ሆና "አላህ ያቆይሽ" አለችኝ፤ ስትስቅ ጢሟ ይታይ ነበር።

ሰይድ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ፣ እኔ ምንም ሳልቀባ፣ በውሃና በሳሙና ብቻ ስታጠብ፣ ብጉሬ ልክ ነርሷ እንዳለችው ጊዜውን ጠብቆ ሄደ። ከኒካሑ በፊት የተዘጋጀሁትን ዝግጅት አልነግራችሁም። ብርጭቆ ነበርኩ። እሱ ገባ፣ ፊቴን አየ፣ አገጬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አለቃስ?" አለኝ።

"ሄደ።"

"ደህና አድርገሽ ያዥልኝ ብዬሽ አልነበረም?" አለ። ቀልድ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ሳየው ግን እውነት ከፍቶታል።

ያን ሁሉ ዓመት በዘሀራ የቀናሁት ለካ በከንቱ ነው። ተቀናቃኜ እዚሁ አገጬ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔው ሳበላው፣ እኔው ሳጥበው። ዛሬ በእሱ ቦታ አንዲት ትንሽ ጠባሳ ቀርታለች። ባሌ ጠዋት ሲነሣ እሷን በጣቱ ነካ ያደርግና "አለቃ፣ እንዴት አደሩ?" ይላታል። እኔ እስከ ዛሬ "እንዴት አደርሽ" ተብዬ አላውቅም።